አርባ ቻናል፣ አሥር ጣት፦ ስክሪንን ከላይት ኮንሶል ስለመምራት የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው የስልክ ክፍለ ጊዜያችን ስለ መድረክ መብራት እናወራለን ብለን ነበር የተቀመጥነው። አድማጮች ግን ወሬውን ወደ ስክሪን ወሰዱት። ደግ አደረጉ። ዛሬ ዛሬ ሠርጉም፣ ኮንሰርቱም፣ ጉባኤውም ከኋላው ኤልኢዲ ስክሪን ካልቆመ ዝግጅት አይመስልም። ብዙ ቦታ ደግሞ መብራቱንም ስክሪኑንም የሚመራው አንድ ሰው ነው፤ ያውም በጨለማ፣ ያውም ስፒከሩ ጆሮው ሥር እየጮኸ። በአየር ላይ በጥድፊያ የመለስኩትን እዚህ ትንሽ ሰፋ አድርጌዋለሁ።

ለሙያው አዲስ ለሆናችሁ አንድ ነገር ላስቀድም። ላይት ኮንሶል፣ ማለትም የመብራቱ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ፣ ቪዲዮውን ራሱን አይልክም። የሚልከው ቁጥር ነው። «ሌየር 2፣ ፎልደር 3፣ ፋይል 12፣ ድምቀት 80 በመቶ» እንደማለት። (ሌየር ማለት ስክሪኑ ላይ አንዱ በአንዱ ላይ ከሚደረቡት ሥዕሎች አንዱ ንጣፍ ነው።) ቁጥሩን ተቀብሎ ሥዕሉን ስክሪን ላይ የሚያወጣው ሚዲያ ሰርቨር የምንለው ኮምፒውተር ነው። ለኮንሶሉ ቪዲዮው ማለት ብዙ ቻናል (አንዱ ቻናል አንድ ቁጥር ይሸከማል) ያለው አንድ ትልቅ መብራት ነው፤ ከዚያ የተለየ ነገር መሆኑን አያውቅም።

ጥያቄ፣ ከሐዋሳ፦ «የምሠራው አዳራሽ ውስጥ ነው። ሬዞሉም አሬና (የቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም) ያለበት ላፕቶፕና አንድ ትንሽ ኮንሶል አለኝ። ሁለቱንም የማንቀሳቅሰው እኔው ነኝ። ቪዲዮውን ወደ ኮንሶሉ ላምጣው ወይስ በማውሱ ልቀጥል?»

ያምጡት። ግን ሁሉንም አይደለም።

አዝማቹ ሲገባ መብራቱና ስክሪኑ እኩል መለወጥ አለባቸው። አንድ እጅ ፌደር (ወደ ላይና ወደ ታች የሚገፋው የኮንሶሉ ማንሸራተቻ) ላይ፣ አንድ እጅ ማውስ ላይ ሆኖ ይሄ አይሆንም፤ ከሁለቱ አንዱ ሁሌም ይዘገያል። ከኮንሶል ሲመጣ ግን አንድ በተን ነው፤ ሁለቱም አብረው ይዞራሉ።

ኮንሶልና መብራት የሚነጋገሩበት የቁጥር ቋንቋ ዲኤምኤክስ ይባላል፤ ያንን በኔትወርክ የሚያደርሰው አርት-ኔት ነው። አሬና በኔትወርክ ገመድ አርት-ኔት ይቀበላል። (አቬኑ የሚባለው ወንድሙ ዲኤምኤክስ አይቀበልም። ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት የያዙት የትኛው እንደሆነ ይዩ።) የሬዞሉም ጥሩነቱ የትኛው ቻናል ምን እንደሚያዝ ራስዎ መምረጥዎ ነው። መጀመሪያ ሦስት ነገር ብቻ ያገናኙ፦ የየሌየሩን ድምቀት፣ የክሊፕ መምረጫውንና ፍጥነቱን። አንድ ወር በዚህ ይሥሩ። አራተኛው ምን መሆን እንዳለበት ሥራው ራሱ ይነግርዎታል። ኢፌክቱን፣ ማፒንጉን (ሥዕሉን ከስክሪኑ ቅርጽ ጋር ማገጣጠሙን)፣ የሥዕሉን ልክ ማስተካከሉን ቀን ላይ በማውስ ጨርሰው ያሳድሩት።

ጥያቄ፣ ከአዲስ አበባ፦ «ሚዲያ ሰርቨሩን ኮንሶሉ ላይ ሳስገባ ትልቁንና ትንሹን ሞድ ምረጥ አለኝ። ትልቁን መረጥኩ፤ ለአንድ ሌየር ብቻ 40 ቻናል ነው። አሁን ማታ ማታ የምፈልገውን ነገር ማግኘት አቃተኝ። ተሳስቻለሁ?»

ሁላችንም መጀመሪያ ትልቁን ነው የምንመርጠው። «ይፈለግ ይሆናል» ብለን ነው። ዋጋው የሚጠየቀው ማታ ነው።

ሒሳቡን እንየው። አንድ የዲኤምኤክስ ዩኒቨርስ 512 ቻናል ይይዛል። በ40 ሒሳብ 12 ሌየር ሲያስገቡ 480 ሆነ፤ ዩኒቨርሱ ሞላ። ይሄ እንኳ ቀላል ነው፤ በኔትወርክ ሌላ ዩኒቨርስ መክፈት ነው። የማይጨመረው የእርስዎ እጅ ነው። ብዙ ኮንሶል ላይ በአንድ ጊዜ የሚያገኟቸው የሚዞሩ ቁልፎች አራት ወይ አምስት ናቸው። ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚሠሩትን ቻናሎች እንደ አንድ ቆጥረን 32 ነገር ይቀራል እንበል። በአራት ቁልፍ ሲካፈል ስምንት ገጽ ነው። ዘፋኙ አዝማቹን ሲጀምር እርስዎ ስድስተኛው ገጽ ላይ ሆነው ቀለም እየፈለጉ ነው ማለት ነው።

«እንግዲያው ትንሹን ልውሰድ?» ቢሉኝ ደግሞ እሱንም አልመክርም፤ ትንሹ ሞድ ብዙ ጊዜ ለእያንዳንዱ ነገር አንድ ቻናል ብቻ ነው የሚሰጠው። ምክንያቱ የቆየ ነው። ዲኤምኤክስ እ.ኤ.አ. በ1986 በአሜሪካ የቲያትር ቴክኖሎጂ ተቋም ሲወጣ የታሰበው ለዲመር ነበር። አንድ ቻናል ከ0 እስከ 255 ይቆጥራል። አምፖል ለማድመቅና ለማደብዘዝ 256 ደረጃ ይበቃል። ሥዕል ከግራ ወደ ቀኝ ለማንሸራተት ግን አይበቃም።

ፒ3.9 የሚባለውን (ከፒክስል እስከ ፒክስል 3.9 ሚሊ ሜትር የሆነውን) ስክሪን እንውሰድ። ግማሽ ሜትሩ ፓነል ላይ በአንድ ጎን 128 ፒክስል አለ። ስምንት ፓነል ጎን ለጎን ሲቆም 4 ሜትር ስፋት፣ 1024 ፒክስል ይሆናል። ይሄን በ256 ሲያካፍሉት አንዷ እርምጃ አራት ፒክስል ናት፤ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ። የሙሽሮቹ ስም ቀስ ብሎ እንዲንሸራተት ሲፈልጉ እየዘለለ ይሄዳል። ኋላ ያለው ሰው ልብ ላይለው ይችላል። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት ግን ሽማግሌዎቹና ከፋዮቹ ናቸው። ሁለት ቻናል ተጣምሮ ሲሠራ ደረጃው 65,536 ይሆንና ዝላዩ ይጠፋል።

ስለዚህ እኔ የምለየው እንዲህ ነው። ቦታ፣ መጠንና ማዞር በጥንድ ቻናል ይሁኑ። ቀለም፣ ፍጥነት፣ ኢፌክት በነጠላ ይበቃቸዋል። ብዙ ሰርቨሮች ይሄን የሚያሟላ መካከለኛ ሞድ አላቸው፤ እሱን ይውሰዱ። ከሌለ ትልቁን ይውሰዱና ይደብቁት። ቀን ላይ፣ አዳራሹ ባዶ ሆኖ፣ ስምንቱንም ገጽ እንደ ልብዎ ያገላብጡ። የወደዱትን መልክ ሁሉ ፕሪሴት አድርገው ያስቀምጡ። ማታ ግን አንድ ገጽ ብቻ ይኑርዎት። የኔ የማታ ገጽ ላይ ለየሌየሩ አንድ የድምቀት ፌደር፣ አንድ ረድፍ የክሊፕ በተን፣ ከግማሽ እስከ እጥፍ ብቻ የሚሄድ የፍጥነት ፌደር፣ አንድ «ሎጎ» የሚል በተንና ስክሪኑን ብቻ የሚያጨልም በተን አሉ። አለቀ። ፍጥነቱን የገደብኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ፌደሩ እስከ ታች ሲወርድ ቪዲዮው ቀጥ ይላል፤ ሰው ደግሞ ኮምፒውተሩ የተበላሸ ይመስለዋል።

ሞድ መርጠው ሲጨርሱ መነሻ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ይዩ። መብራት ላይ ዜሮ ማለት ጠፋ ማለት ነው። ቪዲዮ ላይ እንደዚያ አይደለም። ቦታ መሐል የሚሆነው ብዙ ጊዜ የቻናሉ አጋማሽ ላይ ነው። የኮንሶሉ ላይብረሪ (የየመሣሪያው ቻናሎች የተዘረዘሩበት ፋይል) ሁሉንም በዜሮ ከጀመረው ሥዕሉ ከስክሪኑ ውጪ ተቀምጦ እርስዎ «ለምን አይታይም?» ሲሉ ያመሻሉ።

አንዴ ምን ገጠመኝ መሰላችሁ። ሠርግ ነው። ስክሪኑ ላይ የሙሽሮቹ ፎቶ፣ ፋይል 12፣ ቆሟል። ኬክ ሲቆረስ ወደ ፋይል 40፣ ወደ ርችቱ ማለፍ አለብኝ። መብራቱ ለስለስ ብሎ እንዲለወጥ ኪውዬን (አስቀድሜ የማስቀምጠውን የመብራትና የስክሪን ለውጥ) በሦስት ሰከንድ ፌድ፣ ማለትም በቀስታ ሽግግር፣ ቀድቼዋለሁ። ያላሰብኩት፣ ፌዱ የፋይል መምረጫውንም ይዞት ነበር። ኮንሶሉ ከ12 ወደ 40 በሦስት ሰከንድ ቆጠረ፦ 13፣ 14፣ 15... ስክሪኑ በመሐል ያለውን ሁሉ ብልጭ ብልጭ እያደረገ አሳየ። 25 አካባቢ ደግሞ ያለፈው ሳምንት ሠርግ ፎቶዎች ሳይሰረዙ ተቀምጠዋል። ሌላ ሙሽራ፣ ሌላ ቬሎ፣ አራት ሜትር ስክሪን ላይ። የሙሽራው እናት ወደኔ ዞረው «ይቺ ደግሞ ማን ናት?» አሉ። እስከ ዛሬ ድረስ ድምፃቸው ይሰማኛል።

ከዚያ ወዲህ የፋይል፣ የፎልደርና የአጨዋወት ሞድ ቻናሎችን ገና ስጀምር «ያለ ፌድ፣ ወዲያው» ብዬ ላይብረሪው ውስጥ እቆልፋቸዋለሁ። ማታ ላስታውሰው ብዬ አልተወውም። ለስላሳ ሽግግር ካስፈለገኝ ሁለት ሌየር እጠቀማለሁ። አዲሱን ክሊፕ በሁለተኛው ሌየር በጨለማ አዘጋጅቼ ድምቀቱን ብቻ ፌድ አደርጋለሁ።

ጥያቄ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፦ «የኮሚኒቲ ዝግጅት ላይ ሁለት ካሜራ አለን። የካሜራውን ሥዕል ወደ ሚዲያ ሰርቨሩ አስገብቼ እንደ አንድ ሌየር እመራዋለሁ። ሁለት ችግር አለብኝ። ግራንድ ማስተሩን (የሁሉንም ድምቀት የሚያወርደውን ዋና ፌደር) ሳወርድ ካሜራውም ይጠፋል። ሌላው ደግሞ የተናጋሪው አፍና ድምፁ አይገጥምም።»

የመጀመሪያው ቀላል ነው። የካሜራውን ሌየር ከግራንድ ማስተሩ ያውጡት። ብዙ ኮንሶል ይሄን ለየቻናሉ ወይም ለየፊክስቸሩ (ለየመሣሪያው) ይፈቅዳል። ቪዲዮ ክሊፑ ከመብራቱ ጋር አብሮ ቢጨልም ያምራል። ሰው እያወራ ፊቱ ከስክሪን ሲጠፋ ግን የተበላሸ ነገር ይመስላል።

ለሁለተኛው ኮንሶሉን አይውቀሱት። ሙሉ ዩኒቨርስ በሰከንድ 44 ጊዜ ያህል ይታደሳል፤ ይሄ 23 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። ያውም እሱ የሚያዘገየው ትእዛዙን እንጂ ሥዕሉን አይደለም። ሥዕሉ የሚዘገየው ካሜራው ላይ፣ መቀበያ ካርዱ ላይ፣ ሰርቨሩ ውስጥና የስክሪኑ ፕሮሰሰር ላይ ነው። እናንተ ጋ በሰከንድ 30 ፍሬም ከሆነ አንዱ ፍሬም 33 ሚሊ ሰከንድ ነው። ሦስት ፍሬም ሲዘገይ 100 ሚሊ ሰከንድ ሞላ። ድምፅ በዚያ ጊዜ 34 ሜትር ይጓዛል። ስለዚህ አዳራሹ ረጅም ከሆነ ኋላ የተቀመጠው ሰው ምንም ላይሰማው ይችላል፤ ድምፁም ሥዕሉም እኩል ዘግይተው ይደርሱታል። የሚያማርረው ፊት ያለው ነው። መፍትሔው መንገዱን ማሳጠር ነው። ካሜራው ኢፌክት የማያስፈልገው ከሆነ ሰርቨሩ ውስጥ አያስገቡት። ከቪዲዮ ሚክሰሩ በቀጥታ ወደ ስክሪኑ ፕሮሰሰር ይሂድ።

አንድ ያልጠየቁኝን ልጨምር። ከካሜራ ወደ ካሜራ መቁረጡን ከላይት ኮንሶል አይሞክሩት። ይቻላል፤ ሲሠራም አይቻለሁ። ግን ካሜራ የሚቆርጥ ሰው ዓይኑ ከሞኒተር መነቀል የለበትም። ላይት የሚመራ ሰው ደግሞ ዓይኑ መድረክ ላይ ነው። ሁለቱን ያጣመረ ሰው ካሜራ ማኑ አፍንጫውን ሲጠርግ ስክሪን ላይ የሚወጣውን መሬት ያያል። ሚክሰሩ ላይ ሌላ ሰው ይቀመጥ። ኮንሶሉ «አሁን ስክሪኑ ካሜራ ያሳይ፣ አሁን ክሊፕ ያሳይ» የሚለውን ብቻ ይወስን።

ጥያቄ፣ ከባሕር ዳር፦ «ክሊፖቼ ብዙ ናቸው። 37 ምን እንደነበር፣ 112 ምን እንደነበር ይጠፋብኛል። አዲስ ክሊፕ ስጨምር ደግሞ የድሮዎቹ ኪውዎች ሌላ ቪዲዮ መክፈት ጀመሩ።»

የኋለኛውን አውቀዋለሁ። የእርስዎ ሰርቨር ፋይሎቹን የሚቆጥረው በስማቸው ፊደል ተራ ነው። «አበባ» የሚል አዲስ ፋይል ሲጨምሩ ከሱ በታች ያለው ሁሉ አንድ ቁጥር ይገፋል። ኮንሶሉ ግን አሁንም 37 ነው የሚጠራው። ስለዚህ የፋይሉ ስም በሦስት አሃዝ ይጀምር፦ 001፣ 002፣ 010። በመሐል ክፍት ቦታ መተው ካማረዎት ደግሞ ጥቁር ክሊፕ አስገብተው ቁጥሩን ያስይዙት።

የመጀመሪያው የልማድ ጉዳይ ነው። ሲአይቲፒ የሚባለውን ግንኙነት የሚደግፉ ኮንሶልና ሰርቨር ካለዎት የክሊፖቹ ትንንሽ ሥዕል ኮንሶሉ ስክሪን ላይ ይመጣል፤ እዚያው አይተው ይነካሉ። ከሌለዎት ፎልደር በሥራ ዓይነት ይከፋፍሉ። እኔ ጋ 1 ሁሌም ሎጎና ጽሑፍ ነው፣ 2 ቀስ ያሉ የጀርባ ሥዕሎች፣ 3 ፈጣን፣ 4 የዛሬው ደንበኛ ብቻ። 4ን ዝግጅቱ ሲያልቅ ሙሉ በሙሉ አጸዳዋለሁ። ለምን እንደሆነ ከላይ ያነበበ ያውቃል።

ጥያቄ፣ ከአዳማ፦ «መብራት ጠፍቶ ጀነሬተሩ እስኪነሳ ያለችው ጊዜ ታስጨንቀኛለች። ስክሪኑ ሲመለስ ምን እንደሚያሳይ አላውቅም።»

ስክሪኑን በባትሪ ማቆየት አይታሰብም፤ ብዙ ኃይል ይበላል። ዩፒኤስ ላይ የሚገቡት ኮንሶሉ፣ ሰርቨሩ፣ የስክሪኑ ፕሮሰሰርና የኔትወርክ ስዊቹ ናቸው። ስዊቹን ሰው ይረሳል። ትንሽ ሳጥን ናት፤ ጥግ ላይ በማከፋፈያ ተሰክታ ትቀራለች። እሷ ስትጠፋ ኮንሶሉና ሰርቨሩ ሁለቱም በርተው እርስ በርስ አይሰማሙም። ትእዛዝ ሲቋረጥ ብዙ ሰርቨሮች የመጨረሻውን ቁጥር ይዘው ይቆያሉ። የእርስዎ ምን እንደሚያደርግ ግን ቀን ላይ ገመዱን ነቅለው ይዩት።

ዋይፋይስ ላላችሁኝ፦ ለልምምድ በስልክ ለመነካካት ይሁን። ለዝግጅት ገመድ ይዘርጉ።

ጥያቄ፣ ከዱባይ፦ «እንግዳ ባንድ ሲመጣ የራሱን ላይት ማንና የራሱን ኮንሶል ይዞ ይመጣል። የኛንም መንቀል አንፈልግም። ሁለቱ በአንድ ሰርቨር ላይ ይሆናሉ?»

ይሆናሉ፤ ግን ማን እንደሚያዝ ቀድሞ ይወሰን። በድሮው ልማድ ሁለት ኮንሶል አንድ ቻናል ላይ ሲገናኙ ትልቁ ቁጥር ያሸንፋል። ይሄ ለአምፖል ደግ ሕግ ነው። ለፋይል ቁጥር ግን እብደት ነው። አንዱ 12 ሲል ሌላው 40 ካለ 40 ይወጣል፤ 12 የጠራው ሰውዬ ምን እንደሆነ አይገባውም።

ሰርቨሩ ኤስኤሲኤን (እንደ አርት-ኔት ያለ ሌላ የኔትወርክ ቋንቋ) የሚቀበል ከሆነ ግን ጥሩ ነገር አለው። እያንዳንዱ ኮንሶል ከ0 እስከ 200 የቅድሚያ ደረጃ ይዞ ይልካል፤ ካልነኩት 100 ነው። የእናንተን በ100 ይተዉት። የእንግዳውን 120 ያድርጉት። እሱ እስካለ እሱ ያዝዛል፤ ገመዱን ነቅሎ ሲሄድ የእናንተው መልሶ ይረከባል። የመረጡትን ሞድና የዩኒቨርስ ቁጥር ደግሞ ከሳምንት በፊት ይላኩለት። በር ላይ ደርሶ «ስንት ቻናል ነው?» ብሎ ከጠየቀ የድምፅ ሙከራው ሰዓት ሄደ በሉት።

ጥያቄ፣ ከአዲስ አበባ፣ አንዲት እናት፦ «ቤተ ክርስቲያናችን የሚዲያ ክፍል ውስጥ የማስተባብራቸው ልጆች አሉ። አንዱ 16 ዓመቱ ነው፤ ኮንሶሉን በጣም ይወዳል። ግን እሑድ እሑድ የሆነ ነገር ይነካና መዝሙሩ መሐል ግጥሙ ከስክሪን ይጠፋል። ልከልክለው?»

ኧረ እናቴ፣ አይከልክሉት! ልጁ ጥፋት የለበትም። የማይነካ ነገር እጁ ሥር ስለተቀመጠ ነው።

ሁለት ነገር ያድርጉ። መጀመሪያ ግጥሙን ከኮንሶሉ ያውጡት። ግጥም የሚያሳየው ኮምፒውተር ለብቻው፣ ከሁሉም በላይ ባለው ሌየር ይምጣ፤ ኮንሶሉ ከጀርባው ያለውን ሥዕል ብቻ ይቀይር። ልጁ ምንም ቢነካ ምእመኑ መዝሙሩን ያነባል።

ሁለተኛው ፕላስተር ነው፤ የቁስል ሳይሆን ወረቀት የሚመስለው ነጩ። ልጁ የማይፈልጋቸው ፌደሮች ላይ በቁመታቸው ይለጥፉባቸው። በሚፈልጋቸው ሥር ደግሞ በእስክሪብቶ በአማርኛ ይጻፉ፦ «ጀርባ»፣ «ካሜራ»፣ «ሎጎ»፣ «ሁሉም ይጥፋ»። የአዳራሹን መብራት አጥፍተው እያንዳንዱን ሳያይ እንዲያገኝ ያለማምዱት። «ሎጎ»ን በጣቱ ሳይፈልግ ካገኘ ሌላው ይደርሳል።

ደግሞ የተሸፈነው ምን እንደሆነ መጠየቁ አይቀርም። ሐሙስ ልምምድ ላይ ፕላስተሩን ይላጡለትና እስኪበቃው ይነካካ። እሑድ ጠዋት መልሰው ይለጥፉታል።